ቡና የማይጠጡ ሰዎች ያዘጋጁት የዘር መዝገብ፦ ፋሚሊሰርችን በድሬዳዋ ስንጠቀምበት

ፋሚሊሰርች የቤተሰብ የዘር ሐረግ የሚመዘገብበትና የሚፈለግበት የኢንተርኔት አገልግሎት ነው። በኮምፒውተርም ሆነ በስልክ ይሠራል፤ አካውንት ከፍቶ ለመግባት የሚጠየቀው ስምን፣ የልደት ቀንንና ኢሜይልን የመሰለ ተራ ነገር ሲሆን ክፍያ ፈጽሞ የለውም። ባለቤቱ ብዙዎቻችን «ሞርሞኖች» እያልን የምንጠራው፣ ራሱ ግን በሙሉ ስሙ የኢየሱስ ክርስቶስ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተክርስቲያን መባልን የሚመርጠው፣ መቀመጫው በአሜሪካ ዩታ ግዛት በሶልት ሌክ ሲቲ የሆነው ቤተ እምነት ነው። እኔ የዚህ እምነት ተከታይ አይደለሁም፤ ልሆንም አላሰብሁም። ላለፉት አራት ወራት ግን የእናቴን ወገን ዘር ማንዘር በዚህ አገልግሎት ስመዘግብ ስለቆየሁ፣ አገልግሎቱ ለእኛ አገር ሰው ምን ያህል እንደሚመች ለመጻፍ ፈለግሁ። ስጽፍ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተከትሎኝ መጣ፤ ይህን ያህል የተተቸና የተጠረጠረ ሃይማኖት ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ እንዴት ሊቆም ቻለ የሚለው ነው። መጀመሪያ ሁለቱ ጉዳዮች የማይገናኙ ይመስሉኝ ነበር፤ ሥራው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ግን አንዱን ትቶ ስለ ሌላው መጻፍ አቃተኝ።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ሳንዱቅ ነው። የእናቴ ታላቅ እህት ዕድሜዋን የፈጀችው ከደቻቱ ወንዝ ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ሌሊት የመጣው ጎርፍ በከተማችን ከ200 በላይ ሰው ሲፈጅ፣ በእሷ ቤት ሰው ባይነካም ውኃው እስከ ወገብ ገብቶ የፎቶግራፍ አልበሙን አበሰበሰው። ከአልበሙ የተረፈው አንድ ፎቶ ብቻ ነው። አምስት ሰዎች ለገሃር በር ላይ ተደርድረው የተነሡት ሲሆን፣ ጭቃው ከጉልበታቸው በላይ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ስለወሰደው አሁን የሚታየው አሥር ጫማ ነው። አክስቴ ሁሉንም በጫማቸው ትለያቸዋለች፤ «ይኼ ባለ ማሰሪያው አባቴ፣ ይኼ ክፍቱ ጫማ ወንድሙ» እያለች በጣቷ ታሳያለች። ሳንዱቁ ግን ቡፌው አናት ላይ ስለነበረ ጎርፉ አልደረሰበትም። በውስጡ በሼማንደፈር፣ በባቡር ድርጅቱ፣ ይሠራ የነበረው አያቴ የሥራ ደብተር አለ፤ በፈረንሳይኛ የተሞላ፣ ማኅተሙ ወደ ሐምራዊ የዞረ፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰችው ደብተር ነው። አክስቴ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አሥር ጫማውን ማን ማን እንደሆነ የሚያውቅ ከእሷ ሌላ በሕይወት ስለሌለ፣ እሷ ሳለች ይጻፍ አልሁ።

ወደ አገልግሎቱ ልመለስ። ፋሚሊሰርች በመሠረቱ የቤተሰብ ስም ላለው ሕዝብ የተበጀ ነው። ቅጹ የመጀመሪያ ስምና የመጨረሻ ስም ይጠይቃል፤ የእኛ የመጨረሻ ስም ደግሞ በየትውልዱ የሚለወጥ የአባት ስም ስለሆነ፣ አያት፣ አባትና ልጅ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች መስለው ይቀመጣሉ። ዘዴው በመጀመሪያው ቦታ የራስን፣ በሁለተኛው የአባትን ስም እየጻፉ፣ ዝምድናውን ማሳየቱን ለሐረጉ መስመር መተው ነው። ማዕረግ ለብቻው ቦታ አለው፤ ግራዝማችም ሐጂም እዚያ ይገባል። ከዋናው ስም ሌላ ተጨማሪ ስም መመዝገብ መቻሉ ደግሞ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ አያቴ በሥራ ደብተሩ በአንድ ስም፣ በሰፈር በቅጽል ስሙ፣ በፍትሐቱ ቀን ደግሞ በክርስትና ስሙ ስለተጠራ ሦስቱንም አስገብቼለታለሁ። ስሞቹን በእኛ ፊደል ጻፍኋቸው፤ ሌላ አገር ያሉ የአክስቴ ልጆች እንዲያነቡት በላቲን ፊደልም ደገምኋቸው።

በዘመን አቆጣጠር በኩል ጥፋቱ የራሴ ነበር። አክስቴ አባቷ የተወለደው በ1902 ነው ስትለኝ፣ ቁጥሩን ሳላሰላ እንዳለ ጻፍሁት። የታላቅ ወንድሙ የልደት ዓመት ግን ከፈረንሳይኛው ደብተር የተቀዳ ስለሆነ 1906 ተብሎ ተቀምጧል። በዚያ ምሽት ሐረጉን በስልኬ ሳሳያት ትንሽ አየት አደረገችና «ታናሹን ታላቅ አደረግከው እኮ! ይኼ ሰውዬ አባቴን በጀርባው ያዘለ ነው» ብላ ሣቀችብኝ። ስለዚህ አሁን ሁልጊዜ በእኛ አቆጣጠር የተነገረኝን በማስታወሻው ላይ እንዳለ እጽፍና፣ ወደ ፈረንጅ የቀየርሁትን በቀኑ ቦታ አስገባለሁ። አክስቴ በዓመተ ምሕረት የምታስታውሰው ጥቂቱን ነው፤ አብዛኛው «ጣሊያን የገባ ዓመት»፣ «ጣሊያን የወጣ ሰሞን»፣ «አንተ በተወለድህ በሁለተኛው ክረምት» የሚል ስለሆነ፣ ይህን ወደ ቁጥር መመለስ የመዝጋቢው ድርሻ ነው።

ሰነድ ፈልጎ ለማግኘት የሚመጣ ኢትዮጵያዊ ብዙ ተስፋ ባያደርግ ይሻላል። ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሰው የልደት፣ የጋብቻ፣ የቀብር፣ የሕዝብ ቆጠራና የመርከብ ተሳፋሪ መዝገብ ተትረፍርፎ ሲገኝ ለእኛ የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው። ይህም ከአገልግሎቱ ስንፍና የመጣ አይመስለኝም፤ በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ያለውን የት ሄደው ይገለብጡታል? እኛ ዘራችንን ያቆየነው በቃል ነው። በዚህችው በድሬዳዋ የሱማሌ ጎረቤቶቼ ልጆች ገና ትምህርት ቤት ሳይገቡ አብቲርሲያቸውን፣ የአባት የአያታቸውን ስም ወደ ላይ፣ እንደ መዝሙር ይወርዱታል፤ እኛ ደግሞ ለጋብቻ ሲሆን ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ እስከ ሰባት ድረስ ሳይሳሳት የሚቆጥር ወጣት ግን በእኔ ቤት አላገኘሁም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሕዝብ የአገልግሎቱ ዋና ጥቅም ሰነድ ፍለጋው ሳይሆን ድምፅና ፎቶ የሚቀመጥበት ክፍል ነው። የአንድን ሰው ስም ከፍቶ ስለ እሱ የተነገረውን ታሪክ በድምፅ ማያያዝ ይቻላል፤ የአሥሩን ጫማ ፎቶ ሰቅዬ የአክስቴን ድምፅ አያያዝሁበት። ድርጅቱ ራሱም በጋናና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ሰው እየላከ ሽማግሌዎች በቃላቸው የያዙትን የዘር ቆጠራ ያስመዘግባል።

አክስቴ ድምፅዋን ስቀዳ ያለ ተቃውሞ ተናገረች፤ ስጨርስ ግን እኔ ራሴን ሳልጠይቅ የኖርሁትን ጠየቀችኝ፤ «ለመሆኑ ምን ፈልገው ነው በነጻ የሚሰጡት?»

መልሱ ረጅም ነው። ቤተ እምነቱ የዩታ የዘር ሐረግ ማኅበርን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሆን (ከዚህ ወዲያ «ዓ.ም.» ያላልሁበት ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው)፣ ከ1938 ጀምሮ በየአገሩ ያሉ የቤተክርስቲያንና የመንግሥት መዝገቦችን በማይክሮፊልም ሲያነሣ ኖሯል። ፊልሙን የሚያስቀምጠው ከሶልት ሌክ ሲቲ ወጣ ብሎ ባለ ሸለቆ፣ የግራናይት ድንጋይ ተራራ ተፈልፍሎ በተሠራ መጋዘን ውስጥ ነው። ድረ ገጹ በ1999 ተከፈተ፤ 2.4 ሚሊዮን ጥቅል ማይክሮፊልም ወደ ዲጂታል የመለወጡ ሥራም በ2021 ተጠናቀቀ። የደቻቱን ጎርፍ ያየ ሰው ተራራ ፈልፍሎ ወረቀት የሚያስቀምጥን ሰው ሞኝ ነው አይለውም። የድካሙ ምክንያት ግን ታሪክ መውደድ ብቻ አይደለም። በእምነታቸው መሠረት ሳይጠመቅ የሞተ ዘመድ በሕይወት ያለ የእምነቱ ተከታይ በእሱ ስም ተጠምቆለት መዳን ሊቀርብለት ይችላል፤ የሚጠቅሱትም ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 15 ቁጥር 29 ላይ ስለ ሙታን ስለሚጠመቁ ሰዎች ያነሣውን ቃል ነው። ሟቹ በነፍሱ ሊቀበለውም ላይቀበለውም ነጻ ነው ይላሉ። ዘመድን ለማጥመቅ ግን ስሙ መታወቅ አለበት፤ መዝገቡም የተፈለገው ለዚህ ነው።

አክስቴ ለሙታን ማሰብን የምታውቅ ሰው ናት፤ ፍትሐት አስፈትታለች፣ ተዝካር አውጥታለች። የሞተን ሰው ማጥመቅ የሚለው ግን ፊቷን አጠቆረው። «ሳይጠይቁት?» አለች። ይህን የጠየቀችው እሷ የመጀመሪያዋ አይደለችም። በናዚ ዘመን የተጨፈጨፉ አይሁዶች ስም በዚህ ሥርዓት ውስጥ መግባቱ በታወቀ ጊዜ ብርቱ ቁጣ ተነሥቶ፣ ቤተ እምነቱ በ1995 ከአይሁድ ድርጅቶች ጋር ድርጊቱን ለማቆም ተስማምቷል፤ ከዚያ በኋላም ስምምነቱን የጣሱ አባላት እየተገኙ ይቅርታ ተጠይቋል። አሁን ያለው ደንብ አባላት የራሳቸውን ዘመዶች ስም ብቻ እንዲያቀርቡ፣ ከተወለደ 110 ዓመት ላልሞላው ሟች ደግሞ የቅርብ ቤተሰብ ፈቃድ እንዲያገኙ ያዛል። ስሌቱን ለአክስቴ ሠራሁላት። አባቷ 110 ዓመቱን አልፏል፤ በ1913 ዓ.ም. የተወለደችው እናቷ ገና ነች። «እንግዲያው እናቴን አትጻፋት» አለች፤ አልጻፍኋትም። በሕይወት ያሉ ሰዎች መረጃ መዝጋቢው ራሱ ካላጋራው በቀር ለሌላ ተጠቃሚ እንደማይታይ፣ የሟቾቹ ግን ለሁሉም ክፍት እንደሆነና ማንም ተጠቃሚ ሊያርመው እንደሚችል አብሬ ልንገር። ዓለም በሙሉ አንድ ሐረግ ላይ ነው የሚጽፈው፤ ስለዚህ ዋናውን ቅጂ በቤት ደብተር ላይ መያዝ ግዴታ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቡና ይፈላ ነበር፤ ረከቦቱ በመካከላችን ነበረ። የእምነቱ መሥራች ጆሴፍ ስሚዝ በ1833 ተገለጠልኝ ባለው ትእዛዝ «ትኩስ መጠጥ» የተባለው ቡናና ሻይ እንደሆነ ስለሚያስተምሩ አንድም ሲኒ እንደማይቀምሱ ነገርኋት። ከትእዛዙ ይልቅ የአሠራሩ ነገር ነው የገረማት፤ «ቡና ሳይጠጡ ዘራቸውን እንዴት ቆጠሩት?» አለች። በሐረር አጠገብ ለኖረ ሰው ጥያቄው የቀልድ ብቻ አይደለም፤ የቡናው ቅጠል የሚፈላው ቁጢ በትእዛዙ ውስጥ ይግባ አይግባ ደግሞ የዩታ ሰዎች ያሰቡበት አይመስለኝም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ የገባሁትም በዚሁ በር ነው። ቡና የሚያስተው፣ ሙታንን የሚያስጠምቅ፣ ከገቢ አሥራት የሚያስከፍል ሃይማኖት ብዙ ሰው ይሸሸዋል ብዬ እገምት ነበር፤ ትችቱን ሳነብም ግምቴ ጠነከረ። ጆሴፍ ስሚዝ በ1830 በኒው ዮርክ ግዛት ያሳተመውን መጽሐፈ ሞርሞን መልአክ ካሳየው የወርቅ ሰሌዳ በእግዚአብሔር ኃይል ተረጎምሁት ብሏል። መጽሐፉ ከመካከለኛው ምሥራቅ ተነሥተው አሜሪካ ስለገቡ ሕዝቦች ይተርካል፤ የመሬት ቁፋሮ አጥኚዎች ግን እነዚያን ከተሞች አላገኟቸውም፤ የዘረመል ምርምርም የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች ከእስያ ጋር ነው የሚያዛምደው። በ1835 ገዝቶ የአብርሃም ጽሑፍ ነው ብሎ የተረጎመው የግብፅ ፓፒረስ ቁርጥራጭ ኒው ዮርክ ሙዚየም ውስጥ ተገኝቶ በ1967 ለቤተ እምነቱ ሲመለስ፣ ሊቃውንት አንብበው የተለመደ የቀብር ጸሎት ነው አሉ። ከአንድ በላይ ማግባቱ፣ በቅርቡ ደግሞ ወደ 100 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል የተባለው የቤተ እምነቱ የኢንቨስትመንት ገንዘብና ይህን ባለማሳወቁ በ2023 በአሜሪካ የተጣለበት የ5 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት አለ። እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚከነክነኝ ግን እስከ ሰኔ 1978 ድረስ ጥቁር ወንድ ክህነት እንዳይቀበል መከልከሉ ነው። የእኛ ሰው ይህን ሰምቶ «ዘራችሁን ስጡን» ሲባል ቢያመነታ እፈርድለታለሁ።

ኢንተርኔት ሲስፋፋ ይህ ሁሉ አደባባይ ስለወጣ ቤተ እምነቱ ያበቃለታል ያሉ ነበሩ። የሆነው ሌላ ነው። ከ2013 ማብቂያ ጀምሮ ቤተ እምነቱ ራሱ ስለ መሥራቹ ብዙ ሚስቶች፣ ስለ ፓፒረሱ፣ ስለ ክህነቱ ክልከላ ረጃጅም ጽሑፎችን በገጹ ላይ አወጣ። አንብበው የወጡ አሉ፤ አንብበው የቀሩም አሉ፤ እነዚህን ሁለተኞቹን ለመረዳት ነው የሞከርሁት።

የደረስሁበትን ልንገር። የየሰበካው ኤጲስ ቆጶስ የሚሉት ሰው ደመወዝ የማይከፈለው አስተማሪ፣ ነጋዴ ወይም መካኒክ ነው፤ አምስት ዓመት ያህል አገልግሎ ለሌላው ያስረክባል። ሌላውም አባል ሁሉ ድርሻ ይታደላል፤ አንዱ ሕፃናት ያስተምራል፣ ሌላዋ መዘምራን ትመራለች፣ ሦስተኛው የታመመ ይጠይቃል፣ አራተኛው ከዚያ ከተራራው ሥር የወጣውን መዝገብ እያነበበ በኮምፒውተር ይለቅማል። ወንዱ ወጣት አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ለሁለት ዓመት በራሱና በቤተሰቡ ወጪ ወደተመደበበት አገር ሄዶ ይሰብካል። በወር አንድ እሑድ ሁለት ጊዜ ምግብ ይጾሙና የምግቡን ዋጋ ለችግረኛ ይሰጣሉ። ይህ የጾም ነገር እኛንም ነክቶናል፤ በድርቁ ዘመን፣ ጥር 19 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ በአሜሪካና በካናዳ ያሉ አባላት ለኢትዮጵያ ረኃብተኞች ተብሎ የተለየ ጾም ጾመው ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቧል። በዚያን ጊዜ እኛ አገር ስማቸውን የሚያውቅ ስንት ሰው ነበር?

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ኑሮ ውስጥ ያለ ሰው ፓፒረሱ የቀብር ጸሎት መሆኑን ማታ ሲያነብ፣ ጠዋት የሚጠብቁት ስምንት ሕፃናት አሉ። ጥርጣሬው አልጠፋም፤ ሥራው ግን ቀጠሮ አለው። ይህን በእድራችን አውቀዋለሁ። በሰፈራችን እድር ሊቀመንበሩ የማይነቀፍበት ወር የለም፤ ሒሳቡ ይጠረጠራል፣ ድንኳኑ አረጀ ይባላል፣ ቅጣቱ በዛ ይባላል። ወጥቶ የቀረ ሰው ግን በሃያ ዓመት ውስጥ አላየሁም፤ ምክንያቱም ያ የሚነቅፈው ሰው ባለፈው ወር ሌሊት ወንበር ሲሸከም ያደረ ነው፤ ነገ ደግሞ የእሱን እናት የሚሸከሙለት እነዚያው ናቸው። በሐረር ጀጎል ያለውም አፎቻ በሠርግና በለቅሶ ይህንኑ ነው የሚሠራው። የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ አንብቦ አምኖበት የገባ ስንት ነው? እኔ እስካሁን አላነበብሁትም።

ይህን ያልሁት ሁሉንም ለማሞገስ አይደለም። መተሳሰሩ የሚያቆየው በፍቅር ብቻ ሳይሆን በፍርሃትም ነው። በቤተ መቅደሳቸው የሚፈጸመው ጋብቻ ላይ የመግቢያ ፈቃድ የሌለው ሰው፣ እናትም ብትሆን፣ አትገኝም፤ ውጭ ሆና ትጠብቃለች። እምነቱን ያጣ አባት የልጁን ሠርግ እንዳያጣ ዝም ብሎ ሊኖር ይችላል ማለት ነው፤ ከውጭ ለሚያየው ያም «ጽናት» ተብሎ ይቆጠራል። በመዝገባቸው ያሉት ከ17 ሚሊዮን በላይ ናቸው ሲባልም፣ የቀረ ሰው ስሜ ይሰረዝ ብሎ እስካላመለከተ ድረስ ስሙ እንደሚቆይ መታወቅ አለበት፤ ከነዚህ ውስጥ እሑድ የማይመጣው ብዙ ነው። ሮድኒ ስታርክ የተባለው የሃይማኖት ሶሲዮሎጂ ምሁር በ1984 የዕድገቱን ፍጥነት አስልቶ በ2080 እስከ 265 ሚሊዮን ሊደርሱ ይችላሉ ብሎ ነበር፤ ፍጥነቱ ከዚያ ወዲህ ስለቀነሰ ስሌቱ የሚሳካ አይመስልም።

ታዲያ ጥብቅነቱን ቢያላላ ይቀለው ነበር ለሚል ሰው ፈተናው በታሪክ ተደርጓል። መሥራቹ በ1844 ኢሊኖይ ውስጥ በእስር ቤት በሕዝብ ሁከት ከተገደለ በኋላ ብዙኃኑ ብሪገም ያንግ የተባለውን መሪ ተከትለው በ1847 ወደ ሶልት ሌክ ሸለቆ ሲገቡ፣ ከቀሩት ውስጥ የተወሰኑት በ1860 የመሥራቹን ልጅ መሪ አድርገው ሌላ ቤተ እምነት አቋቋሙ፤ ዛሬ የክርስቶስ ማኅበረሰብ ይባላል። ያንኑ መጽሐፍ፣ ያንኑ መሥራች ይዘው የተነሡ ሲሆኑ፣ ከጊዜ በኋላ ለዘመናዊው አስተሳሰብ ቀረብ ብለዋል፤ ሴቶችን በክህነት ሹመዋል፣ መጽሐፉንም ታሪክ ነው ብሎ ማመንን ለአባሉ ትተውታል። ለእኔ ለተመልካቹ የእነሱ መንገድ ይበልጥ ደስ ይላል። ቁጥራቸው ግን ወደ ሩብ ሚሊዮን ገደማ ነው፤ በመጋቢት 2024 ደግሞ በ1836 የተመረቀውን፣ ከቤተ መቅደሶቻቸው ሁሉ የመጀመሪያ የሆነውን የከርትላንድ ቤተ መቅደስ ከሌሎች ቅርሶች ጋር በ192.5 ሚሊዮን ዶላር ለዩታዎቹ ሸጡላቸው።

ዩታዎቹም ቢሆኑ ድንጋይ አይደሉም። ፕሬዚዳንታቸውን ሕያው ነቢይ ስለሚሉት፣ እሱ «ተገለጠልኝ» ሲል ትናንት ውግዝ የነበረው ዛሬ ሊፈቀድ፣ የተፈቀደውም ሊወገዝ ይችላል። የአሜሪካ መንግሥት ንብረታቸውን ሲወርስ በ1890 ከአንድ በላይ ማግባትን የማቆም መግለጫ አወጡ፤ በ1978 የክህነቱን ክልከላ አነሡ፤ በ2019 የእሑዱን ፕሮግራም ከሦስት ሰዓት ወደ ሁለት ዝቅ አደረጉ። ከውጭ ለሚያይ መሸነፍ ይመስላል፤ ለእነሱ ግን ነቢይ መኖሩን የሚያረጋግጥ ነው። ብልሃቱ ያስደንቀኛል፤ ከዚያ በፊት በክልከላው ሥር ኖሮ ለሞተው ጥቁር አባል ግን ምን መልስ እንደሚሆን አላውቅም።

የራሴንም ነገር ልደብቅ አልችልም። አራት ወር ሙሉ ማታ ማታ ስም ስለቅም፣ ቀን ሳሰላ፣ የአክስቴን ድምፅ ስቆርጥ ቆይቼ፣ አንድ ዘመዴ «ከእነዚህ ሰዎች ጋር ምን አገናኘህ፣ አጥፋው» ሲለኝ ተቆጣሁ። የማላምንበትን ቤት ለመከላከል ተነሣሁ፤ ድካሜ እዚያ ስላለ፣ አሥሩም ጫማ እዚያ ስላሉ። ለአራት ወር እንግዳ እንዲህ ከሆነ፣ አያቱም ልጁም እዚያ ለሆነው ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አልከበደኝም።

በአጠቃቀም በኩል ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። በነጻ መሆኑ፣ ድምፅና ፎቶ በስም ላይ መያያዙ፣ የማዕረግና የተጨማሪ ስም ቦታ መኖሩ አራቱን ያሰጡታል፤ የስምና የቀን አሠራሩ ለእኛ አለመሠራቱና ሟቹን ማንም የሚያርመው መሆኑ አንዱን ያስቀንሱታል። ሊጠቀም የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ የሃይማኖቱን ነገር ሳይሸሽግ ይንገራቸው፤ ፈቃድ ያልሰጡበትን ስም አያስገባ፤ ድምፁን ሲቀዳ ፋይሉን በስልኩም በፍላሽም ያስቀር። በእኛ ቤት ከተለቀሙት 23 ሟቾች 14ቱ ገብተዋል። ዘጠኙ፣ ሴቷ አያቴ ጭምር፣ አክስቴ በራስጌዋ በምታስቀምጠው ባለ ሰማያዊ ልባድ ደብተር ላይ ናቸው፤ ደብተሩንም ከሳንዱቁ ጋር ቡፌው አናት ላይ እንድታደርገው ለምኛታለሁ።